የስምንት ጠጠር ኮታ

በደርግ ዘመን ሁሉ ነገር በኮታ ነበር። ስኳር በኮታ፣ ሳሙና በኮታ፣ ላምባ በኮታ። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ተለይቼ ስድብም በኮታ ሆነብኝ። ይህን የወሰነብኝ ቀበሌው አይደለም፤ የንስሐ አባቴ ናቸው። በቀን ስምንት።

እንድጽፈው ያደረገችኝ የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው ክረምት ከኮሌጅ መጥታ ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። "ከሰኞ ጀምሮ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ። እሮጣለሁ። ስኳር አልቀምስም። ስልክ አላይም። በቀን ሃምሳ ገጽ አነባለሁ" ይላል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ስገባ ከዚያው ወረቀት ሥር ተኝታለች፤ ስልኳ ደረቷ ላይ፣ የብስኩት ፍርፋሪ አንገቷ ላይ። ቀስቅሼ "ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰኞ አይሆንም። በጠጠር ነው የሚሆነው" አልኋት። ታሪኩን ስነግራት እየሳቀች ከአልጋው ልትወድቅ ደረሰችና "እማማ፣ ይጻፉት እንጂ!" አለችኝ። የእኔ ትምህርት የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደልና ቁጥር ይዤ ወጥቻለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩ ግን አይንጋደድም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከጣና ዳር፣ ግሽ አባይ በሚባለው ሰፈር ነበር። ባለቤቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ሲበዛ ዝምተኛ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደናል፤ ሴት ልጅ ግን አልተሰጠንም። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ደግሞ ስንት ዓመት ተስላ፣ ስንት ጠበል ጠጥታ፣ በመጨረሻ አረገዘች። "ሴት ከሆነች ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ" ብላ ቃል ሰጠችኝ። ቃሏን እንደ እንቁላል በሁለት እጄ ያዝሁት። የራሴ ሴት ልጅ ባይኖረኝ የነፍስ ልጅ ልትኖረኝ ነዋ!

የወለደች ዕለት ከአጥሩ ወዲያ እልልታ ተሰማ። ጣቴን አውጥቼ ቆጠርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቆመ። ሴት! ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት መሆኑን በሌላ ቀን ቢሆን እከራከርበት ነበር። ያን ቀን ጊዜ አልነበረኝም። ነጠላዬን አፈፍ አድርጌ ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥሁ።

"አባቴ፣ ሴት ተወለደች! ክርስትና የማነሣት እኔ ነኝ!"

ዳዊታቸውን ዘግተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"ትናንት የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ምን አልሽው?"

"ገልቱ አልሁት። አሮጊት ጠበል ወረፋ ላይ አቁሞ ጎረምሳ ሲያስገባ ምን ልበለው?"

"ሻማ የሚሸጠውንስ?"

"ወስላታ። እሱ እንኳ ቀንሼለት ነው።"

"የክርስትና እናት ማለት የነፍስ እናት ማለት ናት" አሉኝ ጢማቸውን እየዳበሱ። "ይቺ ልጅ አፍ የምትፈታው አንቺን እያየች ነው። የመጀመሪያ ቃሏ 'ወስላታ' ይሁን? ስድብ ካልተውሽ አላስነሣሽም። የአባትየው አክስት አሉ፤ ጉንዳን እንኳ ዞረው የሚያልፉ ሰው ናቸው። እሳቸው ያነሣሉ።"

አክስትዮዋን አውቃቸዋለሁ። ወረፋ ላይ ሰው ሲቀድማቸው "ይለፉ" የሚሉ ሴት ናቸው። ልጅቱ በእሳቸው ካደገች ዕድሜዋን ሙሉ ሳሙና አታገኝም።

"እስከ መቼ ልተወው?"

"እስከ ክርስትናው። ሴት ናት፤ ሰማንያ ቀን አለሽ።"

ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ ቀን የሚባለውን ነገር ከእሳቸው ጋር ዓመታት ተጨቃጭቄበታለሁ። አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ሔዋንን በር ላይ ማን አቆማት እላለሁ። ያን ቀን ግን አፌን ያዝሁ። አርባ ቀን ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ሰማንያ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል መሰለኝ፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

በማግሥቱ ጨርሼ ልተው ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ። ልክ እንደ ልጅ ልጄ። እስከ ረፋድ ደህና ነበርሁ፤ አፌን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ከዚያ አንዲት ዶሮ አጥቤ ያሰጣሁት ስንዴ ላይ ወጥታ በእግሯ ጫረችው።

"አንቺ ልክስክስ!"

በቃ። ከዶሮዋ ኋላ ሁሉም ተከትሎ ወጣ። አህያው ደጃፌ ላይ ፋንድያ የጣለበት ነጂ፣ ውኃ የቀነሰብኝ የቧንቧ ጠባቂ፣ ከሥራ ሲመለስ "እንዴት ዋልሽ" ያለኝ ባለቤቴ፣ ማንም አልቀረ። ባለቤቴ ራቱን በልቶ እጁን ሲታጠብ "ሠላሳ አራት" አለኝ። ከገባ ጀምሮ ሲቆጥር ነበር።

ወደ ንስሐ አባቴ ተመለስሁ።

"አባቴ፣ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሳሙናን በአንድ ጊዜ አላቋረጠብንም። ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት እያለ ነው ያለመደን። እኔንም እንደዚያ ያልምዱኝ።"

ሳቃቸውን ሊውጡ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሲመለሱ ፊታቸው የዳኛ ሆኗል። በቀን ስምንት ተፈቀደልኝ። በየአሥር ቀኑ አንድ ይቀነሳል። የመጨረሻዋ አንድ በክርስትናው ዋዜማ ታበቃለች፤ በሰማንያኛው ቀን ባዶ። እኔ ግን ሕግ ሳይብራራልኝ አልቀበልም።

"ለዶሮ የተሰደበ ይቆጠራል?"

"ዶሮዋ ሰምታሻለች?"

"ሰምታለች።"

"ይቆጠራል።"

"እርግማንስ?"

"እርግማን ሁለት ነው!"

"ዛሬ ያልተሰደበ ለነገ ይሻገራል?"

"አይሻገርም። መናም ለነገ አይተርፍም ነበር።"

"ይህማ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቆጠበ ሰው መጠቀም አለበት።"

"ልጄ፣ ሰባት ላድርገው?"

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ቁጥሩን እንዳልረሳ በነጠላዬ ጫፍ ስምንት የሽምብራ ቆሎ ቋጠርሁ። አንድ በተሳደብሁ ቁጥር አንድ ፍሬ እጥላለሁ። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ኅብረት ሱቅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ፣ ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ ሾልኮ ሲገባ አየሁ። ቋጠሮዬን ስዳብስ ባዶ ነው። ከኋላዬ የቆመች ሴት "እታለም፣ ቆሎውን እኮ ቅድም በላሽው" አለችኝ። ስምንቱንም! አንድ ሰው ሳልሰድብ የቀኑን ኮታ አኝኬ ጨረስሁት። ሰውዬው ስኳሩን ይዞ በፊቴ አለፈ። ሰላምታም ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ የማይበላ ነገር ይሻላል ብዬ ልብስ ከምናጥብበት ከሐይቁ ዳር ስምንት ለስላሳ ጠጠር ለቀምሁ፤ በተሳደብሁ ቁጥር አንዱን ከነጠላዬ ቋጠሮ ወደ መቀነቴ አዛውራለሁ፤ ማታ መልሼ እቋጥራለሁ። አሥር ቀን በሞላ ቁጥር እዚያው ሄጄ አንዱን ወደ ጣና እወረውራለሁ። የመጀመሪያውን ስወረውር ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለታንኳ ጎን ወደቀ።

"አንቺ ሴት! ምንድን ነው የምትወረውሪብኝ?"

"ስድብ ነው!"

"እኔ ምን አደረግሁሽ?"

"አንተን አይደለም፤ እየተውሁት ነው!"

ሰውዬው በዚያ ዳር ከዚያ ወዲያ ታንኳውን አላስጠጋም።

ወሬው በሰፈሩ ተሰማ። ጠዋት ጠዋት ሰላምታው ተለወጠ። "እንዴት አደርሽ" በማለት ፈንታ "ስንት ቀረሽ?" ሆነ። ስድስት ላይ ስደርስ ባለቤቴ አኮረፈ። ዝምተኛ ሰው ሲያኮርፍ ለማወቅ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔም በሦስተኛው ቀን ነው የነቃሁ።

"ምን ሆነሃል?"

"ለሱቅ ሰው ትሰጫለሽ። ለአህያ ነጂ ትሰጫለሽ። ለእኔ ከሳምንት ወዲህ አንድ አልደረሰኝም። ምን አጠፋሁ?"

"ምንም ስላላጠፋህ ነዋ!"

"ቤቱ ጭር አለብኝ" አለና ዞሮ ተኛ።

አሰብሁበት። እውነቱን ነው፤ እኔ አድልዎ አልወድም። እሑድ እሑድ አንድ መደብሁለት። ከቅዳሴ መልስ ምሳ ሲቀርብ "አንተ ዘልዛላ" እለዋለሁ፤ "ተባረኪ" ብሎ እንጀራውን ይቆርሳል።

ችግሩ የቀበሌው ሊቀመንበር አማት ነበሩ። ትልቅ ዘንቢል አንጠልጥለው፣ ሰው ሁሉ ሌሊት ከተነሣበት ወረፋ ፊት በቀጥታ የሚገቡ ሴት ናቸው። ማንም አይናገራቸውም፤ አማቻቸውን ይፈራል። ከእኔ በስተቀር። በደህናው ጊዜ አንድ ማለዳ ላይ ለእሳቸው ብቻ አምስት ይወጣኝ ነበር፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ በ"እርስዎ" ነው የምሰድባቸው፤ አክብሮት አልጎደለብኝም። አሁን ግን ብልሃት አገኙ። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይጠይቃሉ።

"ስንት ቀራት?"

"ሁለት!" ይላል ሰልፉ።

ይጠብቃሉ። ሁለቱን ጠጠር በሌላ ሰው ላይ ስጨርስ መንገዱን ተሻግረው ዘንቢላቸውን እያወዛወዙ ፊት ይገባሉ። ይህ እንግዲህ ፍትሕ ነው? የእኔ ጸባይ መሻሻሉ ለዓይን አውጣ ከጠቀመ ምኑን ተሻሻለ? ለንስሐ አባቴ ከሰስሁ። "ሳትሰድቢ እውነቱን መናገር ማን ከለከለሽ?" አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ሳልሰድብ እውነት መናገርን ማን አስተምሮኝ ያውቃል?

ቤቴ ገብቼ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። መሠረተ ትምህርት ቁጥር አስተምሮኛል። የቆየ ካርቶን በቢላዋ ቆራርጬ በከሰል ከአንድ እስከ አርባ ጻፍሁ። በማግሥቱ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት በር ላይ ቆሜ ለሚመጣው ሁሉ በመጣበት ተራ እሰጠው ጀመር። ሰው ሲሾልክ አልሰድብም፤ ጮክ ብዬ "አሥራ አንደኛው ማነው? አሥራ አንደኛው ይግባ!" ብቻ እላለሁ። አሥራ አንደኛው ሰው ተራው መሆኑን ሲሰማ ያንበሳ ልብ ይመጣለታል፤ ሾልኮ የገባውን በክንዱ ገፍቶ ያወጣዋል። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብዬ ነበር፤ ከዚያ ሳላድል መዋል አልሆነልኝም። ጠጠሮቼ ሳይነኩ የሚያድሩበት ቀን መጣ። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። እጄ ወደ ቋጠሮው ሲሄድ፣ ቋጠሮውን ሲፈታ፣ ጠጠሩን ሲፈልግ፣ ንዴቱ መሐል መንገድ ላይ ይቀር ጀመር።

የክርስትናው ዋዜማ ደረሰ። አንዲት ጠጠር ቀርታለች። ሰልፉ ሁሉ ያውቃል። ለማን እንደምትሆን ደግሞ ሁሉም ገምቷል፤ የመጡትም ለሳሙናው ብቻ አይመስለኝም። የሊቀመንበሩ አማት መንገዱን ተሻግረው፣ አሥራ ስምንት ሰው አልፈው፣ ፊት ቆሙ።  እጄን ወደ ቋጠሮዬ ሰደድሁ። ጠጠሯን አወጣሁ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ።

ጠጠሯን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ አንድ ካርቶን ዘንቢላቸው ውስጥ አደረግሁ።

"አሥራ ዘጠነኛ ነዎት፣ እትዬ።"

ዓይናቸውን ከፈቱ። ካርቶኑን አዩ። እኔን አዩ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

 ስድቡን ለምደውታል፤ ተቀብለውት ያልፉ ነበር። ይህን ግን የት እንደሚያደርጉት አጡ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ ኋላ ሄዱና አሥራ ዘጠነኛ ቆሙ። ከሰልፉ አንዷ "ምነው እታለም፣ ልጆቼን ጥዬ የመጣሁት ለዚህ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ራሴ ግራ ገብቶኝ ጠጠሯን መልሼ ቋጠርኋት። ወደ ሐይቁ ልጥላት ይገባኝ ነበር፤ ለክርስትናው ስንከራተት ረሳሁት።

በሰማንያኛው ቀን ገና ሳይነጋ ጎረቤቴ፣ እኔና ሕፃኗ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። አክስትዮዋም መጥተዋል፤ ምናልባት ስህተት ከተገኘብኝ ብለው ነጭ በነጭ ለብሰው ከጎኔ ቆሙ። ከክርስትና ቤቱ በር ላይ ከነሕፃኖቻቸው የቆሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ከሁሉም ፊት አንድ የማውቀው ዘንቢል አየሁ። ላዩ ጎመን ነው። ጎመኑ አለቀሰ።

የሊቀመንበሩ አማት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። አማችየው በስብሰባ ላይ ስለ ሃይማኖት ምን እንደሚል ሁላችንም ሰምተናል። ሴትዮዋ የልጅ ልጃቸውን ከገበያ የሚመለሱ መስለው በጎመን ሸፍነው ለክርስትና አምጥተዋት ኖሯል።

ሰዉ አወቃቸው። ሳቅና ማጉረምረም ተነሣ። "እዚህም ፊት!" አለ አንዱ። "የሱቁን ተራ ጨርሰው የእግዜርን ጀመሩ!" አለች ሌላዋ። የንስሐ አባቴ ወጥተው አይተው፣ እሳቸውም ፈገግ አሉና፦

"እርስዎማ በሱቁ ብዙ ቀድመዋል፤ ዛሬ ከኋላ ይቁሙ። ልጄ፣ አንቺ ነይ፣ አንደኛ ግቢ" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ በደስታ ሞቀ። አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን እጄ፣ ሰማንያ ቀን ሲለምድ የኖረው እጄ፣ ወደ ነጠላዬ ጫፍ ሄደ፤ በዚያች ቅጽበት አፌ የለመደውን ጠየቀ።

"ማነው መጀመሪያ የመጣ?"

ዘበኛው፣ ያ ገልቱ ያልሁት፣ "እሳቸው ናቸው። በሩን ስከፍት ከውጭ ቆመው አገኘኋቸው" አለ።

ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ "ትናንት አሥራ ዘጠነኛ ነዎት አልሽኝ፤ ሄድሁ። ዛሬ ደግሞ ቁጠሪኝ" አሉኝ።

"አባቴ፣ አንደኛዋ እሳቸው ናቸው" አልሁ።

"አንቺ ግቢ ብዬሻለሁ፤ ፍርዱ የእኔ ነው።"

"ተራ ነው እንጂ ምን ፍርድ አለበት?"

"ትናንት ሲያጉላሉሽ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ትንሽ ቢጠብቁ ምናቸው ይነካል?" ብለው ክንዴን ሳብ አደረጉኝ።

"እርስዎ ዓይን አውጣ!" አልኋቸው።

ዲያቆኑ መጽሐፉን ጣለ። የማርያም ያለህ! የንስሐ አባቴን፣ በክርስትናው ቀን፣ ሕፃን ታቅፌ። ጎረቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አክስትዮዋ ክንዳቸውን ዘርግተው ልጅቱን ሊቀበሉኝ ቀረቡ፤ ጉንዳን የማይረግጡት ሴት እንዴት ያለ ፍጥነት አላቸው! ልጅቱን ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ። እንባዬ መጣ። ሰማንያ ቀን ሙሉ ተጠንቅቄ በመጨረሻዋ ደቂቃ አፈሰስሁት።

"ዛሬ ባዶ ነበርሽ" አሉኝ አባቴ። ፊታቸው ቀልቷል።

"ባዶ አይደለችም" አሉ የሊቀመንበሩ አማት። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። "ትናንት ለእኔ የተመደበ አንድ ነበራት። አልሰጠችኝም። ሰልፉ ሁሉ ምስክር ነው። ጠጠሯን ትፍታና ትታይ።"

ቋጠሮዬን ፈታሁ። ጠጠሯ አለች።

"የትናንት ለዛሬ አይሻገርም" አሉ አባቴ። "ሕጉ ይህ ነው።"

"ለእሷ አይሻገር። እሱ የእኔ ኮታ ነው፤ እኔ ደግሞ አልወሰድሁትም። የራሴን ለፈለግሁት መስጠት እችላለሁ" አሉና ጠጠሯን ከእጄ ወስደው በአባቴ መዳፍ ላይ አኖሯት። "ለእርስዎ ሰጠሁ።"

የሊቀመንበር አማት ኮታዋን ለቄስ ስትሰጥ ማን አይቶ ያውቃል? መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አባቴ ጠጠሯን በመዳፋቸው ላይ ገለባብጠው አዩ።  ከዚያ ኪሳቸው ጨመሯት።

"ደርሶኛል" አሉ። "ይገባኛልም። እትዬ፣ ጎመኑን ያንሡና ልጅቱን ያምጡ። አንደኛ ነዎት።"

እኛ ሁለተኛ ገባን። አክስትዮዋ "ይለፉ" አሉኝ።

አባቴ ልጄን፣ የነፍስ ልጄን፣ ከእጄ ተቀብለው ውኃው ውስጥ ሲነክሯት ዓይኗን ከፍታ አየቻቸው። ቀላች። ከዚያ እንዲያ ካለች ትንሽ ደረት ይወጣል የማይባል ጩኸት ለቀቀችባቸው፤ እግሯን አወራጭታ ጢማቸውን ጨመደደች። እርጥብ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው "ምን እያለችኝ ነው?" አሉኝ።

"ምንም ትበልዎ፣ አባቴ፣ ይፈቀድላታል" አልኋቸው። "እሷ ገና ስምንት አላት።"